ያልተላኩት ሽማግሌዎች

ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቦሌ ቡልቡላ፣ አቶ ሆርዶፋ በር ላይ ከነጭ መኪና ሲወርዱ ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥር ነበር። በሠርግ ወር፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች በጠዋት ቢመጡ እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔም እንደዚያው ነው የምለው። ስለዚህ በአቶ ሆርዶፋ አትፍረዱ።

ደግሞስ አመጣጣቸው! ከፊት የቆሙት አቶ ዓለምሰገድ ፀጉራቸው ሙሉ ለሙሉ የነጣ፣ ከዘራ የያዙ፣ የጠዋት ብርድ ስለማይወዱ ኮታቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። በቀኛቸው ረጅሙ አቶ ተኽላይ፣ በግራቸው ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ሐጂ ዓብዱ ቆመዋል።

የአቶ ሆርዶፋ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ በመስኮት አዩዋቸውና ወደ ጓዳ ሮጡ።

«ሜቲ! ፀጉርሽን ያዝ አድርጊ። ክርስቲያኑንም እስላሙንም አሟልቶ ነው የላከው። ማን ይሆን?»

ሜቲ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ወይም የምታውቅ መሰላት። እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀምጣ ከበሩ ጀርባ ተጠጋች።

«ቤቶች! ቤት ለእንግዳ?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ! አካም ቡልታኒ? እንዴት አደራችሁ?» አቶ ሆርዶፋ ወንበሮቹን በእጃቸው አሳዩ። «ተቀመጡ እንጂ።»

«ተባረኩ። እኛ እንኳ ቆመን ይሻለናል።»

ወይዘሮ ብርቄ በቅቤ ያበደ የገብስ ጭኮ በሳህን ይዘው ወጡ። አቶ ዓለምሰገድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እመቤቴ፣ አይቀየሙን። የመጣንበትን ሳንጨርስ እህል ውኃ መቅመስ አይፈቀድልንም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። በአቶ ሆርዶፋ ቤት ደግሞ ያልተቀመጠና ያልቀመሰ እንግዳን «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ነውር ነው። እንግዶቹ ባለቤቱ ሁሉን የሚያውቁ መስሏቸዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ እንግዶቹ በጊዜያቸው ይናገራሉ ብለው ይጠብቃሉ።

ሰዎቹ ዝም ብለው ግን ሥራ አልፈቱም። አቶ ተኽላይ የድንጋዩን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩት። ሐጂ ዓብዱ ቁጢጥ ብለው ወለሉን ዳበሱ። አቶ ዓለምሰገድ ብርሃን ከላይ ከሚወርድበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኑሯችንን እያዩ ነው» አሉ ወይዘሮ ብርቄ በሹክሹክታ። «ይዩ! ምን ጎድሎን!»

ሜቲ ከበሩ ጀርባ አፏን በመዳፏ ያዘች። ላከ። መሐሪ በመጨረሻ ላከ። ሳምንቱን ሙሉ የደወለው፣ እሷም ያላነሳችው፣ ለዚህ ኖሯል? ግድግዳውን ተደግፋ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

እኔ ግን ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ስለማውቅ ሳቋ አንጀቴን ይበላኛል።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሆርዶፋ ጤፍና ሽምብራ ያበቅሉበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ያኔ ሜትርና ችካል የያዙ ሰዎች በየጊዜው እየመጡ ለኩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ለአቶ ሆርዶፋ ምትክ ቦታና ካሳ ተሰጣቸው። እሳቸውም «ከእንግዲህ ሜትር የያዘ ሰው ደጄን አይረግጥም» ብለው ማሉ። ታዲያ ቤት ያለ ሜትር እንዴት ይሠራል?

መላውን ያመጣችው ሜቲ ናት። ገርጂ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነች። አንድ ቀን መሐሪ የሚባል አርክቴክት የሲሚንቶ አቧራ ዓይኑን አቅልቶት ጠብታ ሊገዛ ገባ። ጠብታውን ስትሰጠው ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። በማግሥቱ ዓይኑ ድኖ ሳለ ሌላ ጠብታ ሊገዛ ተመለሰ። ሜቲም ምንም ሳትል ሸጠችለት። ፍቅራቸው የት ተጀመረ የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መሐሪ ወደ ቡልቡላ ሲሄድ፣ ሜቲ እንደመከረችው ሜትሩን ቢሮው ትቶ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መስመር ሳያሰምር ከባልና ሚስቱ ጋር ዋለ። ከዚያ በኋላ የሠራው ቤት እንደ ጎረቤቶቹ ሰማያዊ መስታወትና የግሪክ ዓምድ የለውም። ዝቅ ያለ የጥቁር ድንጋይ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳ አለው፤ ከአጥሩ ውጪ፣ በመንገዱ በኩል፣ ማንም አላፊ አግዳሚ የሚቀመጥበት ረጅም የድንጋይ መደብ ተሠርቶለታል። ጎረቤት «ለመንገደኛ ወንበር የሚሠራ እብድ» ብሎ ሳቀ። ቤቱ ግን በዚያ ዓመት ለብሔራዊው የኪነ ሕንፃ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ፍቅረኞቹ የተጣሉት። ከቡልቡላ ሰዎች አንዱ፣ ጅሬኛ የሚባል አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ ደህና ልጅ፣ ሜቲን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አቶ ሆርዶፋ እንደ ወጉ ሁለቴ መለሷቸው፤ ለሦስተኛው ቀጠሮ መልስ መስጠት ግድ ነው። ሜቲ መሐሪን ገርጂ ካፌ ጠርታ ነገረችው።

«ሽማግሌ ላክ። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ሜቲዬ፣ ጥቂት ታገሺኝ። ሽልማቱ ይታወቅ። እናቴን ታውቂያታለሽ፤ የአገሬ ልጅ ካልሆነች እያለች ነው። ስሜ በቴሌቪዥን ሲጠራ ግን አፏን ትይዛለች።»

እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ቦሌ ሚካኤል ቆርቆሮና ምስማር የሚነግዱ፣ ከሰሜን መጥተው ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉ ብርቱ ሴት ናቸው። መሐሪ ይፈራቸዋል። ፍርሃቱን ደግሞ ትዕግሥት እያለ ይጠራዋል።

«ባታሸንፍስ?» አለች ሜቲ።

መሐሪ ማኪያቶውን ማማሰል ያዘ። ያ ዝምታ ሜቲን አቃጠላት።

«እኔ እንግዲህ ለሽልማቱ ምርቃት ነኛ!» ብላ ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳችም።

ስልኩን ባለማንሳቷ አንድ ነገር ሳታውቅ ቀረች። ከመጨረሻው ውሳኔ በፊት የሽልማቱ ዳኞች ቤቱን ራሳቸው መጥተው ያያሉ፤ ለባለቤቱ የሚያሳውቀው አርክቴክቱ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው። ዳኛ ከባለቤቱ ምግብም መጠጥም አይቀበልም። አርክቴክቱም በጉብኝቱ ጊዜ ከግቢው ከተገኘ ቤቱ ከውድድር ይሰረዛል። መሐሪ ይህን ሊነግራት ነበር ሳምንቱን ሙሉ የደወለው። ለአቶ ሆርዶፋ እንዳይደውል፣ ድምፃቸውን ሲሰማ ስለ ዳኞች ሳይሆን ስለ ልጃቸው እንዳይዘባርቅ ፈራ። ቤቱን ያለ ፍርሃት የሠራ ሰው አንድ ስልክ መደወል እንዴት ያቅተዋል? ፍቅር ሲገባበት ያቅተዋል።

*

«አቶ ሆርዶፋ» አሉ አቶ ዓለምሰገድ ዓይናቸውን ገልጠው፤ «እስቲ ስለ መሐሪ ያጫውቱን። ልጁን እንዴት አገኙት?»

አቶ ሆርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር።

«እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። እስከዚያ ድረስ ደጄ የመጣ የተማረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ካሬ ነው ብሎ ነው። ይሄ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና ‹ጋሼ፣ ለቅሶ የሆነ እንደሆነ ሰው የት ይቀመጣል?› አለኝ። እኔ እንጃ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ዞር ብዬ አለቀስኩ። መሬቴ ሲሄድ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። ሰፈራችን ሲበተን ጎረቤቱ ሁሉ ወዴት ወዴት ሄደ። ሰው ቢሞትብኝ ማን ይመጣል፣ ቢመጣስ የት ይቀመጣል እያልኩ ሌሊት ሌሊት እንደማስብ ለማንም አልነገርኩም ነበር።»

ሐጂ ዓብዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜቲ ወደ በሩ ይበልጥ ተጠጋች፤ አባቷ እንዲህ ሲናገር ሰምታ አታውቅም።

«በረንዳውን ለዚያ ሠራው፤ የውጪውንም መደብ። አሁን ከኮንዶሚኒየሙ የሚወርደው ሰው ሁሉ እዚያ አረፍ ይላል፤ ሰላም ይለኛል። ጎረቤት መልሶ ሰጠኝ።» አቶ ሆርዶፋ ቀና አሉ። «ወጉ ሂዱና ተመለሱ ማለት ነበር። እኔ ግን አላመላልሳችሁም። ነገ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ለመልስ ይመጣሉና ጊዜም የለኝ። በአገር ሰው ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ልጄ ሜቲ የመሐሪ ናት።»

ወይዘሮ ብርቄ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የእንግዶቹን ፊት ሲያዩ ግን መልሰው ዘጉት።

አቶ ተኽላይ አቶ ዓለምሰገድን አዩ። አቶ ዓለምሰገድ ደግሞ መሬት መሬት አዩ።

«ወንድሜ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ከፍ ያለ ስህተት ተሠርቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ገና ስንገባ መናገር ነበረብን። እኛ ሽማግሌ ሆነን አልመጣንም። ይህ ቤት ለአገር አቀፍ ሽልማት ታጭቷል፤ እኛ ዳኞቹ ነን። ቤቱን ልናይ ነው የመጣን።»

«ቤቱን?»

«ቤቱን ብቻ።»

አቶ ሆርዶፋ ለእንግዳ ባዘጋጁት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ልጃቸውን ሰጡ! በቡልቡላ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ያውቃል? ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ሥራችሁን ጨርሱ» አሉ ከእጃቸው ሥር፤ «እንግዳ አላባርርም።»

ሜቲ ከጓዳ ወጥታ በመካከላቸው አለፈች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈራት። በረንዳው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች።

«ሜቲ!» አለ መሐሪ ገና ሳይጠራ አንስቶ። «ተመስገን! ሳምንቱን ሙሉ እኮ...»

«ሦስት ሰዎች እኛ ቤት አሉ።»

«ዳኞቹ! መጡ እንዴ? ምን አሉ? ወደዱት?»

ሜቲ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው።

«በጣም ወደዱት» አለች። «አባቴም እነሱን ወደዳቸው። ሽማግሌ መሰሉትና ልጁን ሰጣቸው።»

በስልኩ ውስጥ የቦሌ ሚካኤል የብየዳ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ሰማኸኝ መሐሪ? አባቴ ለአንተ ሰጠኝ። ተቀባይ ግን ጠፋ። አሁን ፊቱን ሸፍኖ ተቀምጧል። ነገ የጅሬኛ ሰዎች ይመጣሉ። ለቤቱ እንኳን ደስ አለህ።»

ዘጋችው። ከዚህ በኋላ የመጣባት ንዴት ወይም ሐዘን መስሏት ነበር። ሁለቱም አልነበሩም። የናፈቀችውን ነገር በእጇ ይዛ ሳለ የተነጠቀች ያህል ባዶነት ነው የተሰማት።

*

ዳኞቹ ሥራቸውን እየጨረሱ ነበር። አቶ ዓለምሰገድ ከውጪው መደብ ላይ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲጽፉ፣ አንድ ላዳ ታክሲ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። መሐሪ ወረደ። የሸሚዙ አንድ ወገን ከሱሪው ወጥቷል።

«ልጄ፣ እዚያው ቁም» አሉ አቶ ዓለምሰገድ። «ደንቡን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ምንም መናገር አይፈቀድልኝም።» ወረቀቱን አጠፉት። «ግን አንድ ሽማግሌ የሚመክርህን ስማ። ዛሬ ከዚህ በር አትግባ። ነገ ግባ። ነገ ግን በሩ ለሌላ ሰው ተከፍቶ ይሆናል።»

መሐሪ ቤቱን አየው። ስንት ሌሊት አስቦታል! እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቀዋል። እናቱ በቴሌቪዥን ፊት ሲያለቅሱ፣ ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡለት በሐሳቡ አይቷል። እውነቱን እንናገር፤ ስንቶቻችን ነን ያን ትተን የምንገባ? እሱም አመነታ። በረንዳው ላይ የቆመችው ሜቲ ማመንታቱን አየች፤ አልጠራችውም፣ እጇንም አላነሳችም። ዝም ብላ አየችው። ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን ሲያማስል ያየችበት አስተያየት ነበር።

መሐሪ ገባ።

አቶ ሆርዶፋ ፊት ቆሞ እጅ ነሣ። «ጋሼ፣ ለእኔ ብለው የሰጡትን ቃል ልቀበል መጣሁ። ሜቲን ይስጡኝ።»

«አንተ ልጅ ምን ነካህ!» አቶ ሆርዶፋ ከወንበራቸው ተነሱ። ጠዋት የተሰማቸው ኀፍረት ሁሉ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ሰው ለራሱ ሽማግሌ ይሆናል? ቃሌ ሜዳ ላይ ወድቆ አንስቼ ልውሰድ ትለኛለህ? ዘመድ የለህም?»

«አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ እሺ አላለችኝም። እሺ እስክትል ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ደግሞ ሽልማቱን እስካገኝ አልኩ። ፈርቼ ነው ጋሼ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«የሚልክ ካላገኘህ ሂድ። ልጄን ቆሞ የሚጠይቅላት ሰው ታጥቶ ወጣች አላስብልም።»

መሐሪ አንገቱን ደፋ። ሽልማቱን ሰጥቶ ገባ፤ ልጅቷንም አጣ።

አቶ ዓለምሰገድ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ከውጪ ገቡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ከጓሮ ብቅ አሉ።

«ተኽላይ፣ ልጁን እዚህ አየኸው?»

«አየሁት» አሉ አቶ ተኽላይ በሐዘን። «ባላየው ደስ ባለኝ።»

«እንግዲያስ ቤቱ ከውድድሩ ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ስለዚህ እኛም እዚህ ግቢ ውስጥ ዳኞች አይደለንም ማለት ነው።» አቶ ዓለምሰገድ የያዙትን ወረቀት ለአራት ቀደዱና ኪሳቸው ከተቱት። «ምን እንሁን ታዲያ፣ ሐጂ?»

ሐጂ ዓብዱ ፈገግ አሉ። «ሰውየው ጠዋት ነግረውን የለ? እኛ ነን እንጂ እምቢ ያልነው።»

ሦስቱም በአቶ ሆርዶፋ ፊት ተሰለፉ። አቶ ዓለምሰገድ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አቶ ሆርዶፋ፣ ጠዋት ሳንላክ መጣን፤ አሳፈርንዎት። አሁን ግን ይህ ልጅ ልኮናል። ለአርባ ዓመት ቤት ሠርቻለሁ፣ የቤት ሠሪም ጠባይ አውቃለሁ፤ ለልጁ እኔ ዋስ እሆናለሁ። ወደ እናቱም ዛሬውኑ እኛው እንሄዳለን። ልጅዎን ሜቲን ለልጃችን ለመሐሪ እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን።»

አቶ ሆርዶፋ ሦስቱን ሰዎች፣ ከዚያ መሐሪን፣ ከዚያ በረንዳ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ።

«ለነገዎቹ ሽማግሌዎች እኔው ራሴ ዛሬ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ደጄ መጥተው አያፍሩም» አሉ። «ግን ጠዋት አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ሜቲ፣ ሳልጠይቅሽ ነው የሰጠሁሽ። አባቴ እህቶቼን አልጠየቀም፤ እኔም አላሰብኩትም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ምን ትያለሽ?»

ሜቲ ከበረንዳው ወረደች። ሁሉም «እሺ» ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ እናቷ እልልታውን ምላሳቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እሷ ግን መሐሪ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሽልማቱ ይቆጭሃል?»

መሐሪ ምን ቢላት ይሻላል? እንደ እኔ ያለ ሰው ቢሆን ‹ከአንቺ አይበልጥም› ብሎ ይገላገል ነበር።

«ይቆጨኛል» አለ መሐሪ። «በጣም ይቆጨኛል። ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ ይቆጨኛል። መኪናው ውስጥ እንኳ ልመለስ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባህ?»

«ሳትጠሪኝ ዝም ብለሽ ስታዪኝ፣ ነገ ብመጣ እንደዚያ እንደማታዪኝ ገባኝ።»

ሜቲ ፊቱን መረመረችው። አይቆጨኝም ቢላት ኖሮ አታምነውም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንድ ክፉ ቀን «በአንቺ ምክንያት» የሚለው ቃል ከየት ይወጣ ይሆን እያለች ስትፈራ ትኖር ነበር። አሁን ግን ቃሉን ዛሬውኑ፣ በሰው ፊት አውጥቶ አስቀመጠላት። የሚደበቅ ነገር የለም። ቂሟ ሁሉ ወዴት እንደሄደ ፈልጋ አጣችው።

«እሺ፣ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ከመሐሪ ሳታነሳ።

እልልታው ከወይዘሮ ብርቄ አፍ ወጣ፤ ከመንገዱም አንድ የማያውቁት ሰው አጨበጨበ። ሐጂ ዓብዱ የጭኮው ሳህን ወዴት እንደገባ ጠየቁ። መሐሪ የሜቲን እጅ ያዘ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«በርዶሽ ነው?» አላት።

«አልበረደኝም» አለች። «ፈራሁ።»

«ምን ያስፈራሻል? አለቀ እኮ።»

ሜቲ ሳምንቱን ሙሉ ያጣችው መስሏት ስታለቅስ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ያጣ ሰው የሚፈራው የለውም። አሁን ግን መሐሪ የእሷ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ልታጣው ትችላለች። እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።